የጥንቅሽ ጓዝ

ቀን ቀን ዊኒፔግ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣
የሰው ጓዝ አያለሁ በብርሃን ማያ።
ሻንጣ ይገባና ሽፋኑ ተገፎ፣
ያልፋል ከፊቴ አጥንቱን አሰልፎ፤
ብረት ሰማያዊ፣ ሳሙና ብርቱካናማ፣
ሶሉ ውስጥ ሚስማር የቆጠርኩበት ጫማ።
አንዴ አንድ ሽማግሌ፣ ሣጥን አቅፎ የመጣ፣
“ሚስቴ ናት” አለኝ።
ማያው ላይ ዱቄት ነበረች።

ሃያ ደቂቃ ነው የአንድ ሰው ተራ፤
ከዚያ ወዲያ ዓይን እያየ አያይም፣ ይላል መመሪያው።
እውነቱን ነው።

ሐሙስ ማታ ግን ሌላ ነኝ።
ልጄ ያፌት ነው የጎተተኝ፣
“አንድ ሰው ጎድሎናል፣ ነይ ወንበር ሙይልን” ብሎ፤
ከልብስ አጠባው ቤት ሥር፣ በጠባብ ደረጃ፣ ዝቅ ተብሎ፣
ጠረጴዛ አለ፤ ካርታ አለ፣ በእርሳስ የተሣለ፤
ከላይ ማድረቂያው ይዞራል፣ የሰው አዝራር እያንቃጨለ።

ጆስሊን ዳኛ ናት፤ ዝናቡም ዘንዶውም ከሷ።
ሮዌል የአውቶብስ ሹፌር፣ እዚህ ባለጋሻ፤
ብሪያና ቀስተኛ ናት፣ ዒላማ የምትመርጥ ለራሷ።
ልጄ ሌባ ነው። (እናት ሆኜ ይህን ስጽፍ አልከፋኝም።)
እኔ፦ ጥንቅሽ።

ስሟን እኔ አወጣሁ፤ ቁመቷ ከአገዳ ያጠረ፣
ጣቷ ከሽቦ ጋር ያደረ፤
ሙያዋ ቅራቅንቦ ነው፦
የጠላት እርምጃ የሚቆጥር ሎቲ፣
ሲነክሱት የሚስቅ አዝራር፣
አንኳኩቶ የሚሸሽ ቀለበት፣
ጥላው ከባለቤቱ ቀድሞ የሚደርስ ባርኔጣ፣
ደግሞ አንዲት የመዳብ አንበጣ፣
ውሸት ስትሰማ የምታስነጥስ።
ጆስሊን በዚች ተማርራለች፤
ዳኛ ባወራች ቁጥር አንበጣዋ ታስነጥሳለች።
ሥራ ሲፈታባት ደግሞ
ከጉም ፈትላ ምትሀት ትሸምናለች።

ባለፈው ሐሙስ ንጋት ከተከለከለበት ከተማ ደረስን፣
የሰረቅነውን አንድ ጭብጥ ንጋት በጠርሙስ ይዘን።
በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ዓይኑ ከመስተዋት የተሠራ፣
ቆዳ የማይጋርደው፣
የሰውን ልብ እንደ ሣንቲም የሚቆጥር ተራ በተራ።
ሮዌል ሰይፉን ነካ፤ “ዘንዶ ሥሪ፣ ይደንግጥና እንለፍ!”
ብሪያና፦ “እሳት!” ያፌት፦ “ጎርፍ!”

እኔ ዝም አልኩ።
አወቅሁት ዘበኛውን፤
ያን ጎባጣ አንገት፣ ያን የሚለበልብ የዓይን ጥግ፣
የሻይ ሰዓቱን የሚጠብቅ፣ የሚያየውን ሳይፈልግ።

“ጥንቅሽ ዘንዶ አትሠራም፤ ዘንዶን ማን ያሳልፋል?
ዘበኛ ጉድ ሲያይ ይነቃል፣ ተራ ነገር ሲያይ ያንቀላፋል።
ጠርሙሱን እንዲህ ታለብሰዋለች፦
ሁለት ካልሲ፣ አንደኛው ተረከዙ የሳሳ፤
የጥርስ ብሩሽ፤ ብስኩት፣ ግማሹ የተረሳ፤
የደበዘዘ ደረሰኝ።”

ጆስሊን ሳቀች። “ይኼ ነው ምትሀትሽ?” አለች።
“ይኼው ነው።” ዳይሷን ወረወርኩ፤ በሃያ ፊቷ ተንከባለለች፣
ከኮካ ጣሳው ተጋጭታ ሰባት ላይ ቆመች።

ሰባት አያሳልፍም፤ ሁላችንም እናውቃለን።
ጆስሊን ግን ቀና ብላ አየችኝ፤
ሳላወልቀው የመጣሁትን ዩኒፎርም፣
ደረቴ ላይ ያለውን ባጅ።
“ዘበኛው አዛጋ” አለች። “እለፉ።”

ጠርሙሱን ገና አልከፈትነውም፤ ለሚቀጥለው ሐሙስ ይደር።

አርብ። ጥር። ሠላሳ ከዜሮ በታች። ፀሐይ ገና አልመጣች።
ቀበቶው ላይ አንድ ሻንጣ መጣ፣ ትንሽ።
ሁለት ካልሲ። የጥርስ ብሩሽ። የተቆረሰ ብስኩት።
እጄ አዝራሩ ላይ ደረቀ፤ ቀበቶውን አቆምኩት።
ከወዲያ አንዲት አጭር ሴት ቆማለች፣
የሰፋት ካፖርት ለብሳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

አጎላሁት። አዞርኩት።
ካልሲው ካልሲ ነው፤ ብስኩቱም ብስኩት።
የሆነ ቦታ ግን፣
(አልምልም፤ ሃያኛው ደቂቃዬ ነበር፣)
ከካልሲው ጠርዝ፣ ከሠንጠረዡ ላይ የሌለ ቀለም
ብልጭ አለና ተከደነ።

“እለፊ” አልኳት።

ባልደረባዬ ተራው ደርሶ ትከሻዬን ነካ።
“ምን አይተሽ ነው ያቆምሽው?”

“ካልሲ።”