ሁለት ቢላዋ

ደሴ። ከምሽቱ አራት። ጦሳ ጉም ለብሷል፤
የውሃ ሂሳብ ክፍሉ ብርዱ አጥንት ደርሷል።
"ፓይተኑን አሳድጊው፣ አርጅቷል" ተብዬ፣
ጋቢዬን ከትከሻ ጉልበቴ ላይ ጥዬ፣
ቀላል መስሎኝ ነበር፤ አንድ መስመር ትእዛዝ፣
አንዴ "አዎ" ብዬ ወደ ቤቴ መጓዝ።

ሊኑክሱ ግን ዝግ ብሎ አሰበ፣ አሰበና፦
"ይህ ቢገባ ያ ይወጣል፤ አልተስማሙምና።"
የደረሰኝ አታሚው ያለ አሮጌው አይሠራ፣
የባንኩ ማገናኛ አይውል ካሮጌ ጋራ፤
መሃል አንዲት ጥቅል፦ "ከሦስት በታች"፣ "ከሦስት በላይ"፣
ባንድ ጀንበር ሁለት ሽማግሌ አንዲት ልጅ ደጅ ላይ።

"እንግዲያው አሮጌው ይነቀል" ስል ዝርዝሩ ፈሰሰ፣
መቶ አርባ ሁለት ስም ስክሪኑን አለበሰ፤
መስኮት አሳዪው፣ ኔትወርኩ፣ ይባስ ብሎ እሱ ራሱ
ጥቅል ነቃዩ ሳይቀር ሊነቀል ነው ከነነፍሱ!
ጣቴ ከቁልፉ በላይ አየር ላይ ቀረ፤
ዘጠኝ ሺህ ቆጣሪ በልቤ ቆጠረ።

ኮዱን የጻፈው ይመር አበጋዝ ነበረ፤
አምና በሚያዝያ፣ ሐይቅ ተቀበረ።
ፋይሉን ስከፍተው፣ ከአናቱ አንድ መስመር፦
"ይሄን የምትነካ፣ አላህም እግዜርም ይርዳህ። ይመር።"
(ሳቅሁ። "ይርዳሽ" አላለም።
ሴት ትመጣለች ብሎ አላሰበም።)

ዘበኛው አያ እንድሪስ ዱላውን ተደግፎ
"ከማን ጋር ነው ጠቡ?" አለኝ በሩን አልፎ።
"ሁለት ናቸው አያ፤ አንድ ቤት አልበቃቸው፣
ያንዱ ቀለብ ለሌላው መርዝ ሆነባቸው።"

ብዙም አላሰበ።
"ኩታበር ሰርግ አላየሽም? ዳሱ እኮ አንድ ነው፤
ጭብጨባው፣ ከበሮው፣ ሙሽሪትም ያው ነው።
የኛ በሬ ለብቻው፣ የነሱም ለብቻው ይታረዳል፣
ቢላው ሁለት፣ ድስቱ ሁለት፤ ማን በማን ይፈርዳል?
ለሰላም ሲል 'አንዱን ቢላ ጣሉ' ያለ ማን አለ?
ሁለት ቢላ ስላለ ነው ሰርጉ አንድ ሆኖ የዋለ።"
ብሎኝ ወጣ፣ የግቢውን መዝጊያ ሊፈትሽ።

እኔም ወንበሬን ስቤ፣ አዲስ ማኅደር ከፍቼ፣
"ዳስ" አልኩት ስሙን፣ መሃሉን ለሁለት ከፍዬ፣ ለይቼ።
ለይመር ኮድ አንድ ጓዳ፣ ከነአሮጌ ፓይተኑ፣
ለባንኩም ሌላ ጓዳ፣ እንዳሻው እንደ ዘመኑ፤
የቤቱን ምሰሶ ግን፣ ያን መቶ አርባ ሁለቱን የተሸከመውን፣
ንክች አላደረግሁትም።

ከሌሊቱ ሰባት ላይ ማተሚያው አጉረመረመ፣
የመጀመሪያው ደረሰኝ ሞቆ ተጋደመ፦
ፒያሳ፣ ወይዘሮ ጦይባ፣ ሰማንያ ሰባት ብር ከሃያ።
"ጦ" ብቻ ባዶ ሳጥን ሆና ወጥታለች።
እሷ ደግሞ ሌላ ጥቅል ናት። የነገ ናት።

ከይመር መስመር ሥር ጠቋሚውን አቁሜ
ጻፍሁ፦ "ነካሁት።
በእንድሪስ በኩል ረድተውኛል።
ሰዓዳ።"