መለዋወጫው እስኪመጣ

ሃያ ሁለት ዓመት ከኮምቦልቻ ወልድያ ስመላለስ፣
ሐይቅ ማለት ለእኔ በቀኝ መስኮት ብቅ የሚል ሰማያዊ ልብስ፣
ማን እንዳሰጣው ሳልጠይቅ የማልፈው፣ ማርሽ እስክመልስ።
ሲሚንቶ ጭኜ፣ ማሽላ ጭኜ፣ አንዴም የሙሽራ ዕቃ፣
«እስቲ ልውረድ፣ ልየው» ብዬ አላውቅም በቃ።

ዛሬ ፍሪሲዮኗ ታመመ፤
መኪናዬ እንደ እልኸኛ በቅሎ፣ ጎማዋ ከከተማው ጫፍ ቆመ።
ረዳቴ ሸምሱ ዕቃ ሊገዛ ደሴ ሄደ፣
ቀኑም ያልጠበቅሁት መልስ ሆኖ መዳፌ ላይ ወረደ።

ሙሄ ይመርን ያገኘሁት ከዋርካው ሥር ነው፣ ቆሞ፣
መቅዘፊያውን እንደ ጠመንጃ ከትከሻው አጋድሞ።
«ማየት በነጻ ነው» አለኝ፣ «ማብራሪያው ሃምሳ ብር፤
ታሪክ ካማረህ መቶ፤ እውነቱን ከሆነ ግን... እንነጋገር።»

ሃምሳውን ከፈልኩ።

በጫቱ ማሳ መሐል፣ በዘይቱኑ ጥላ ወሰደኝ፤
አንደኛው ግብ ሐይቁ የሆነ የኳስ ሜዳ አሳየኝ።
«ኳሱ ሲገባ ጎል ነው፣ ሲወጣ ደግሞ ዓሣ፤
ቢላል ባለመረቡ ባለፈው ሦስት ኳስ አነሣ።»
ቀጥሎ የዓሣ ሚዛን፣ ከግራር የተንጠለጠለ፣
አንድ ኪሎ ቆሮሶ ሲሰቀልበት አንድ ተኩል ያለ፤
«ይህም ቅርስ ነው?» ብለው፣ «ሳይታደስ የቆየ» አለ።

ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ የዓለም ካርታ ተሥሏል፤
የልጆች ጀርባ ሲደገፈው ውቅያኖሱ ተፍቋል።
«ባሕሩ ወዴት ሄደ?» ስለው፣ ወደ ሐይቁ አየና
«ወርዷል፤ ቀርበን እንየው» ብሎ ቀደመኝ እንደገና።

ገዳሙ በር ላይ፣ ወንድ ብቻ ከሚያልፍበት፣
የመርሳዋ ስንቅነሽ ቁጭ ብላለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ለፀሐይ ሙቀት።
«በየዓመቱ እመጣለሁ» አለች፣ «ባሌ ውስጡን ሲያይ፣ እኔ በሩን፤
ስንት እንደሆነ ልንገርህ? እኔ ነኝ የቆጠርኩ ምስማሩን።»
ሙሄ ለዚህ አላስከፈለም።

ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ወጣን።
ወዲህ ሐይቅ፣ ወዲያ አርዲቦ፣ መሐል አንካርካ እንደ ክር፤
ሙሄ ግን ፊቱን ያዞረው ወደዚያ አልነበር።
ወደ አስፋልቱ ነው።
እዚያ ታች መኪናዬ፣ የክብሪት ቀፎ አክላ፣ አፏን ከፍታለች።

«ያቺ የቆመችው ያንተ ናት? ሸራዋ የተጣፈ?»
«የኔ ናት።» «ባለጉንፋኑ!» ብሎ ሲስቅ፣ ሳቁ ለሐይቁም ተረፈ።
«ረቡዕና ቅዳሜ፣ ዳገቱን ስትይዝ ማርሽ ትቀይራለህ፤
መኪናህ ታስነጥሳለች።
‹ይማርሽ!› ይሏታል ልጆቹ፤ አንተ ግን የት ትሰማለህ?
ባለፈው ጥቅምት ሁለት ሳምንት ስትቀር፣
‹ታመመ? መንገድ ቀየረ?› እያልን ስንከራከር ነበር።»

ጥቅምት።
ወንድሜን ቀብሬ ነው፣ ድንኳን ውስጥ የተቀመጥኩት፤
ለባለጭነቱ ግን «ወባ ነው» ያልኩት።
አሁን ከዚህ ሆኜ መንገዱን ቁልቁል አየሁት፣
እኔ የሌለሁበትን ቅዳሜ፣ ባዶውን አስፋልት፣ ከዳር እስከ ዳር ተከተልኩት።
ለሙሄ ምንም አልነገርኩት።

ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ» አለ ሸምሱ፣ «ዕቃው ልኩ አይደለም፤
ሱቁም ተዘግቷል፤ ነገ ነው።»
እኔ አልተቆጣሁም፤ እሱም ጆሮውን አላመነም።

ስንወርድ መቶውን ዘረጋሁ። ሙሄ እጁን ኪሱ ከተተ፤
«ታሪክ መቼ ነገርኩህ?» ብሎ ተሟገተ።
«ለእውነቱስ?» አልኩት።
«እሱን ነገ፣ አርዲቦ ስንወጣ። ዋጋው ሌላ ነው ደግሞ፤
ቁርስ በልተህ ና፣ ጫማም ቀይር» አለኝ፣ መቅዘፊያውን አጋድሞ።