የነሐሴ ቆጠራ

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቴን ሲያለብስ፣
ሐይቁን እቆጥራለሁ፣ ጠብታ ከጠርሙስ።

ጥር ላይ፣ የውሃ ቁንጫ፣ እንዲያ በዝተሽ ሳለ፣
ነፋሱ ከላይ ገብቶ ሐይቁን እያማሰለ፣
በመስታወት ገላሽ፣ ቆዳሽን ዘልቆ፣
ዋቅላሚ የጠገበ ሆድሽ ይታይ ነበር አረንጓዴ ደምቆ።

ነሐሴ ጎርፍ ነው፤ ቀይ አፈር ወረደ፣
ብርሃኑ ጠፋና ግጦሽሽ ተጋረደ።
አንጀትሽ ሸክላ ነው፤ የምትውጪው ጭቃ፣
ከመቶ ሰባትሽ አራት ቀርተሽ በቃ።

ጠርሙሱን ደሴ ድረስ ያመጣው እንድሪስ፣
አጎንብሶ አየሽ፣ ጋቢው መሬት እስኪደርስ።
«ዓሣው የሚበላት ይህቺ ኢምንት ናት?
ልጄን ያስተማረች?»
ዝም አለ ድንገት።

አራት ብዬ ጽፌ መዝገቡን ልዘጋ ስል፣
ደግሜ ባይ፣ አንዷ፣ ጭቃ እየዋጠች፣
ጀርባዋ ላይ ሦስት ዕንቁላል አዝላለች።