ስድስት ቁጥር

ሳልሚያ ሌሊት ነው፤ ባሕሩ አይተነፍስም፤
የባባ ዲሽዳሻ ገና አልተተኮሰም።
ስልኬ ካርቶኑ ላይ፣ ከሳሙናው ጎን፣
ተንዘፈዘፈብኝ፤ ደነገጥሁ፤ ማን ይሆን?
«ይማም» ይላል። ወንድሜ።
በዘጠኝ ሰዓት።

«እቴ» አለኝ፤ ድምፁ ያው የራሱ ድምፅ ነው፤
ቃል ሲጀምር ትንሽ ጉሮሮው የሚያንቀው፣
በጥርሱ ፍንጭት ውስጥ ነፋስ የሚያፏጭበት፣
ሲፈራ ከንግግሩ ሳቅ የሚቀድምበት።
«መተማ ላይ ያዙኝ። ቆመው ይጠብቃሉ።
ዛሬ ካልተከፈለ እንሸጥሃለን ይላሉ።
ስልክሽ ላይ ስድስት ቁጥር አሁን ይገባል፤
አንብቢልኝ ብቻ፣ የቀረው ይሆናል።»

ገባ። ስድስት ቁጥር።
ከሥሩ በዐረብኛ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«ለማንም አትስጡ» የሚል የባንክ ቃል።
ለማንም!
ይማም ግን ማንም ነው?
ከኔ ቀጥሎ በዚያው ማሕፀን ያደረ፣
በኔ ጀርባ ታዝሎ መናገር የጀመረ፣
ማንም ነው?

ፋሐሂል ያለችው፣ የሸኽ አራጋው ልጅ፣
ባለፈው ረመዳን ቆማ ከሰው ደጅ፣
«ባንክ ነን» ያላትን አምና ስታነበው፣
የሦስት ዓመት ላቧን ባንድ ትንፋሽ ላሰው።
አሁን ስሟን ብትጠሯት ዞራ አታይም፤
ስሟን ከሚያውቅ ሰው ጋር ዳቦ አትቆርስም።

ያን ሰሞን ነው እኛ፣ እኔና ይማም፣
ቅኔ የተቃበልነው፣ ወርቁን ሸፍነን በሰም፦
«ጥጃዋን ማን ፈታት?» እኔ ስጠይቀው፣
«ዝናቡ» ነው መልሱ። ሌላ ሰው አያውቀው።
ልጅ ሳለን ጥጃዋ አምልጣ የማታውን ወተት ጠብታ ጨረሰች፤
ይማም «ዝናቡ ፈታት» ብሎ ዋሸ፤ እማ ዝም አለች።

ጠየቅሁት።
ዝምታ። ትንፋሽ። የሩቅ ማሽን ሽውታ።
«ምን ጥጃ ነው እቴ? ሊገሉኝ ነው!» አለ ካንድ አፍታ በኋላ።
ከዚያ አለቀሰ፣
በይማም ልቅሶ፣ አንድ ሳግ ሳይጎድለው።
ዘጋሁበት።
ባውራ ጣቴ ጫፍ የወንድሜን ልቅሶ እንደ ፋኖስ አጠፋሁት።

«የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም።»
አሥራ አራት ጊዜ። ሴትዮዋ አይደክማትም።
ጻፍሁለት፦ ጥጃዋን ማን ፈታት?

ሌሊቱን ስተኩስ አንድ እጅጌ አረረ፤
ሆዴ ከጆሮዬ ሲሟገት አደረ።
ዱላ ያረፈበት፣ እጁን የታሰረ፣
ስለ ጥጃ ማሰብ መች ይችል ነበረ?
እውነተኛው እሱ ቢሆንስ?
ካሜራዋ ከጣራው ቀይ ዓይኗን ሳትከድን
ታየኛለች።
ለማን እንደምትነግር እንጃ።

ረፋድ ላይ መልስ መጣ፦
«ድንቢጥ፣ ቢስቲማ መብራት ጠፍቶ ነበር።
ዝናቡ ነው የፈታት። ምን ሆነሻል?»

ድምፁን ከየት ለቀሙት? ከሰርጉ ቪዲዮ፣ ከዒድ ምኞቱ፣
እኛው ከበተንነው፣ በሩ ከተከፈተ ቤቱ።
ማሽላ ስንዘራ ለወፍ ማማ እንሠራለን፤
ድምፅ ስንዘራ ግን ማነው ሚጠብቅልን?

ተቀምጬ አጠፋሁ፦ የሕንጻውን በር ፎቶ፣
የዕረፍት ቀኔን፣ የይማምን ሳቅ፣
ለቀልድ የቀዳሁትን እንጉርጉሮዬን።
ጣቴ አንዷ ላይ ቆመ።
አርባ ሰከንድ። የእማ።
«ልጄ፣ በላሽ ወይ? በሩን ቆልፈሽ ተኚ፣ አደራ።»
ሞቷን በወሩ ነው የነገሩኝ፤
ከታጠፈ ፎጣ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ነው ያለቀስሁት፣
ቀይዋ ዓይን እንዳታይ።
አላጠፋኋትም።

ነገ በዘጠኝ ሰዓት፣ በዚህችው ድምፅ፣
«ልጄ፣ ስድስቱን ቁጥር አንብቢልኝ» ብትለኝስ?
መሞቷን አውቃለሁ።
አውራ ጣቴ ግን ማወቁን እንጃ።
«ጥጃዋን ማን ፈታት?» እላት ይሆን?
እማ እኮ ያኔም ታውቅ ነበር፤
ያን ቀን ዝናብ አልዘነበም።