የጉድጓዱ ቦታ

ከሐረጎ ጉሙ ወደ ኮምቦልቻ ሲንሸራተት፣
ሙሄ ቀድሞኝ ወጥቷል፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ከሣሩ ፊት።
በእጁ ረጅም ሸምበቆ፣
ጤዛውን ያራግፋል ጎንበስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ።
«ጤዛ የሰነበተበት ሣር ሻጋታ ያወጣል» ይለኛል፣
«ፊቱን ሳይታጠብ የዋለ ሰው ምን ቀን ይወጣለታል?»
ታች ቦርከና ያጉረመርማል፣
ፋብሪካው የሌሊቱን ፈረቃ ይፈታል፣
ጠመዝማዛው ላይ የከባድ መኪና ፍሬን ይሸታል።

እኔ ዘምዘም ነኝ፣ የቀን ሠራተኛ፣ አራሚ፣
የሙጃ፣ የአሜከላ ለቃሚ።

ስድስት ጉድጓድ ነው ያለን፣ ስድስት ባንዲራ፣
የፈረንጅ መሐንዲሶች ጥለውት የሄዱት ሥራ።
እነሱ ሄዱ፣ ሣሩ ቀረ፤
ሙሄም ከሣሩ ጋር አብሮ ቀረ።
አንዳንድ እሁድ ከደሴ ሦስት ዶክተሮች ይመጣሉ፣
አንድ ጡረተኛ ዳኛም፤ ይመታሉ፣ ይስታሉ፣ ይስቃሉ።
እሱ ግን በሠላሳ ስምንት ዓመቱ
አንዲት ኳስ አልመታም።
«እኔ ቤቱን ነው የማሰናዳ፣
ይጫወት እንግዳ።»

ጠዋት ጠዋት ጉድጓዱን ያዛውረዋል።
ክቡን ብረት ይጫናል፣ ያዞራል፣ ይስባል፤
ሥሩን እንደያዘ የሣር ውታፍ ይወጣል፣
በእሱ የትናንቱን ቀዳዳ ይደፍናል።
በእግሩ አይረግጠውም፣ በመዳፉ ይጫነዋል፣
ውሃ ያጠጣዋል፤
በሦስተኛው ቀን የት እንደነበር እሱ ብቻ ያውቀዋል።
«አንድ ቦታ ብቻ ሲረገጥ መሬትም ይመረዋል፤
ሸክም ማዛወር ነው ሥራችን።
ዛሬ የት ይሁን?» ይለኛል፣
መልሴን ሳይሰማ ራሱ ይመርጣል።

ፍልፈሉ በሌሊት አፈር ይቆልላል፣
የእትዬ ሸጊቱ ፍየል አጥር ይጥሳል፤
አንዴማ ዝንጀሮ ቁጥር አራትን ባንዲራ ነቅሎ
ዋርካ ላይ ወጣ፣ ሹመት እንዳገኘ ሰው ኮርቶ፣ ተደላድሎ።
በጋ ቧንቧው ይደርቃል፣ በጀሪካን ከወንዝ እንቀዳለን፤
ማጨጃው ሲያኮርፍ ካንዴላውን በጥርስ ብሩሽ እናጥባለን።

የአህያዋን ተረት የተረተበት ሰው ወዮለት።
«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችው
አህያ ብትሆን ነው!» ይላል፣ ደም ሥሩ ተገትሮ፤
«እኔ ከሞትኩ ይብቀል እንጂ!
ካልበቀለማ ምን ስሠራ ኖርኩ፣ አቦ?»

ጥቅምት መጨረሻ፣ ሐሙስ።
ሸምበቆው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፣
ጤዛው ሳይራገፍ ፀሐይ ወጥቷል።
ከታች ቅሬው ሲጣራ ሰማሁ።
የማንን ስም እንደሚጠራ፣ ሳይጠራው አወቅሁ።

ሴት ከመቃብር አትሄድም።
ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ሲወጡ፣
እኔ ወደ ስድስተኛው ወጣሁ፣
ቁመቱን በዐይኔ ለካሁ፣
ሰርዶውን ከነሥሩ ገሸለጥኩት፣
እንደ ሰሌን ጠቀለልኩት፣
በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ ባጃጅ ላይ ጫንኩት።
ልጁን ጀማልን ክንዱን ይዤ፣
«ሥሩ ወደ ታች፤
በእግር አይደለም፣ በመዳፍ ነው፤
ሦስት ቀን ውሃ» አልኩት።
«ምኑ ነው ይሄ?» አለኝ።
«ሥራው» አልኩት።

እሁድ ዶክተሮቹ መጡ፣
የሰው ቁመት የሚያህል ቀይ አፈር አይተው ቆሙ።
«ኳስ እዚህ ውስጥ ብትገባስ?» አለ አንዱ።
ዳኛው ባርኔጣውን አወለቀ።
«ጥገና ላይ ያለ መሬት ነው» አለ፤
«አንስቶ ዳር ማኖር ነው። ቅጣት የለውም።»

አሁን ሰርዶው ከግራ ከቀኝ ጣቱን ዘርግቷል፣
በአፈሩ ላይ እየዳኸ ነው፣ አንድ ስንዝር ቀርቶታል።
ክቡ ብረት እኔ እጅ ነው።
ጉሙ ከሐረጎ ይወርዳል።
«ዛሬ የት ይሁን?» እላለሁ ጮክ ብዬ፣
እጠብቃለሁ ትንሽ፣ በከንቱ።
ከዚያ፣
ከትናንቱ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ፣
እጫናለሁ።