ሦስት ዙር

ዳገት ላይ ነው የጀመረው፤ ሜዳማ ላይ ሰላም ነበር፤
ኡሽጉሊ ስንወጣ ግን፣ ጎማው ጠጠር ሲያሽቀነጥር፣
የሙቀቱ ቀስት ተነሣ፣ ቀዩን መስመር ሊሳለም፤
ቁልቁለቱን ስንይዝ ደግሞ፣ ዝቅ አለ ያላንዳች ሕመም።

«ቴርሞስታት ነው» አለ አባቴ ሙርዛቃን፤ ለወጠ።
«ፓምፑ ነው» አለ፤ የቱሪስቱን ላሪ ቆጥሮ ሰጠ።
ውሃው ግን በየማለዳው አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ጎደለ፤
መሬቱ ደረቅ፣ ቱቦው ደረቅ፤ የፈሰሰበት የለ።
ነጭ ጭስ ብቻ፣ ከረሜላ ከረሜላ የሚሸት፣
ከኋላችን እየተጎተተ በሜስቲያ ግንቦች ፊት።

እኔ ዝም አልኩ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

ናዚብሮላ ጋ ወሰድነው፣ ከወንዙ ማዶ።
የሟች ባሏን ቱታ ለብሳለች፣ እጅጌውን ሁለቴ ጠቅልላ፤
ሰው ሲያወራ ትሰለቻለች፤ ሞተር ሲያወራ ትሰማለች ጎንበስ ብላ።
በጥቅምት ውርጭ ያደረ ብረት፣ ገና ሳይሞቅ፣ በረዶ ሳለ፣
የላይኛውን ጎማ በሁለት ጣት ጨብጣ «ድንጋይ ነው፤ ጋዝ አለ።»

«አስነሣ።»
አስነሣሁ። የራዲያተሩ አፍ እንደ በቆሎ ገንፎ ተንተከተከ።

የብርጭቆ ቧንቧዋን ተከለች፤ ትንፋሹን ስባ፣ ጠበቀች፤
ውስጡ ያለው ሰማያዊ ገረጣ፣ ወደ ቢጫ ተጓዘ፤
«ይኸውላችሁ» አለች፣ «እሳት ከውሃ ቤት ሲያድር ተያዘ።»
አባቴ ኮፍያውን አወለቀ።

ሁለት ቀን ፈታን፤ ማኒፎልዱን፣ የዘይት ቱቦውን፣ ቱርቦውን ከነክንፉ፤
ብሎኖቹን ካርቶን ላይ በየተራቸው ሰካን፣ እንዳይጠፉ።
ቴስታታው ሲነሣ ታየ፦ ጓርኒሲዮኑ ላይ፣
በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል፣
የጥፍር ወርድ ጥቁር መንገድ፣ እሳት የረገጠው።

«ይህ ስስ ነገር» አለች፣ በጣቷ ይዛ፣ «በአንድ ወገን ሲነድ፣
በሌላው ሲፈላ፣ ከላይ ከታች ብረት ሲጫነው ችሎ የኖረ፤
ማን ነው ከልኩ በላይ ነፍቶበት ያሳረረ?»
ቱርቦውን ወደ መስኮቱ ወሰደች። ዘንጉ ዝጓል፤
ዳዶዋ ላይ ግን የአዲስ ቁልፍ ንክሻ ያብረቀርቃል።

በረዶው እንደቀለጠ፣ የጎጊታ ልጅ አቧራውን አልብሶን ሲያልፍ፣
ሌሊት ወጥቼ ነበር፣ በባትሪ ብርሃን፣ በዐሥር ቁጥር ቁልፍ።
አንድ ዙር ለጉልበት፤ ሁለተኛው ለክብር፤
ሦስተኛው ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።
ቁልፏ ከእጄ አምልጣ ከሞተሩ ሆድ ገባች፤ ፈለግኋት፣ አጣኋት።

ናዚብሮላ አየችኝ። አባቴ በሩ ላይ ያጨሳል።
«አርጅቶ ነው!» አለች ጮክ ብላ። «ዕድሜ በላው!»
ከዚያ ለእኔ፣ በሹክሹክታ፦ «የምታጠብቀው አንተ ነህ።»

ቴስታታው በማርሽሩትካ ዙግዲዲ ወርዶ፣ ቶርኖ ቤት ተላጭቶ መጣ፤
ቀጥ ያለ ብረት አጋደመችበት፤ የብርሃን ክር እንኳ አልወጣ።
አዲሱን ጓርኒሲዮን አነጠፍን፤ የዘይቱ ቀዳዳ ከቀዳዳው ገጠመ።
«ከመሃል ጀምር፤ በመስቀል እየተሻገርክ ወደ ዳር።
የመጀመሪያው ዙር ለማስተዋወቅ ነው፤ አትቸኩል፤
ሲተዋወቁ የሚጣሉ ብዙ ናቸው።»
በሁለተኛው ክንዴ ጋለ።
በሦስተኛው እሷም ዝም፣ እኔም ዝም፤
ብሎኑ እንደ በረዶ ድልድይ ሲንቋቋ፣ ልቤ አብሮ ሲንቋቋ።

ያንን የዘንግ ዳዶም በገዛ እጄ መለስኩት፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ዳገቱን ወጣን። ቀስቱ መሃል ላይ ተኝቷል፤ ንቅንቅ አላለ።
የጎጊታ ልጅ ጥሩምባ ነፍቶ አለፈን።
«ይለፍ» አለ አባቴ። «መንገዱ አያልቅበትም።»
ከዚያ ኪሱን ዳበሰ፤ የዐሥር ቁጥሯን ቁልፍ
ጉልበቴ ላይ አኖራት፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።
ዘይት ለብሳለች፤ ሞቃለች፣ ከኪሱ ሙቀት።

መቼ እንዳገኛት አልጠየቅሁም።