የትኛው መብራት?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከብሎኬት ማምረቻው በስተኋላ፣
አንድ ምሰሶ አለ፣ ወደ መንገዱ ያዘነበለ፤
አምፖሉ ከጥቅምት ጀምሮ የተቃጠለ።
የሌሊት ዘበኛ ነኝና ሦስት ጊዜ አመለከትሁ፤
"ይቀየራል" አሉኝ፤ በእጅ ባትሪ ከረምሁ።

ኅዳር ሃያ ሌሊት ብረት ተሰረቀ፤
ተረኛው ሙላት በፌሮ ተመትቶ እዚያው ወደቀ።
ሲነጋ እኔን ያዙኝ።

የቀዳሚ ምርመራው ዕለት ይርዳው ቀረበ፤
የሲኖ ረዳት፣ የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ የሰፋ።
እጁን አንሥቶ ማለ፤
"መብራቱ ሥር አየሁት፤ ሽብሩ ነው፤
ፊቱ ወለል ብሎ ይታይ ነበር" አለ።

መብራቱ!
ሳላስበው ብድግ አልሁ፤ ፖሊሱ በክርኑ ነካኝ።
"ክብርት ዳኛ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ፦ የትኛው መብራት?"
መነጽሯን አወለቀች። ክፉ ሴት አይደለችም፣ የደከማት ናት።
"ዛሬ ቃሉን መዝግበን ብቻ እናልፋለን፤
መስቀለኛ ጥያቄህን ለዋናው ክርክር ያዝ፣ ያኔ እንሰማሃለን።"

ያዝሁ።
ቂሊንጦ ይዣት ገባሁ፤
ጥርሴ መሐል እንደ ቀረች የሥጋ ክር
በምላሴ ስገፋት አደርሁ፣ ስገፋት ከረምሁ።
አያቴ ሙግት ይወዱ ነበር፤ ሾላው ሥር፣
ኩታቸውን አደግድገው፣ በትራቸውን ሰብቀው፣
"ተጠየቅ!" ሲሉት ባላጋራ
መልስ ባይኖረው እንኳ ፊት ነበረው፤
ሲቀላ፣ ሲገረጣ፣ አገር ያየው ነበረ።

በሰኔ ችሎቱ ተሰየመ።
መንግሥት ያቆመልኝ ጠበቃ፣ ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ፣
ጥያቄዬን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፋት።
"ይርዳው ጫኔ!"
ዝም።
"ይርዳው ጫኔ!"
ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ፤ "በሚያዝያ፣ መተሐራ መንገድ ላይ፣
መኪናው ተገልብጦ አርፏል።"
ነፍስ ይማር። ከልቤ ነው፤ ሁለት ልጆች ነበሩት አሉ።

ከዚያ ወረቀቱ ተነበበ።
"መብራቱ ሥር አየሁት።"
ወረቀት አያልበውም፤ ምራቁን አይውጥም፤
የትኛው ቢሉት ወዲያ ወዲህ አያይም።
አንዴ የተናገረውን፣ በዚያው ድምፅ፣ ይደግማል እንጂ
አይሳሳትም፣ አይጸጸትም።
ልጁ መዳፉን ገለጠ፤ ቀለሙ በላብ ፈስሷል።

እሑድ እኅቴ ስንቅ ይዛ መጣች፤
ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ውሃው ወረፋ አወራችልኝ፤
ልትሄድ ስትል፣ ደስ እንዲለኝ ብላ መሰለኝ፣
"ያ ምሰሶህ እኮ" አለች፣
"አዲስ አምፖል ገባለት። መርፌ ቢወድቅ ያሳያል።"